አዋቂን የሚያስፈራው ምንድን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ምሽት በመኝታ ክፍላችን መብራት ጠፍቶ ነበር። ጥናቱ ቀረ፤ እንቅልፍም አልመጣ አለ። አንዲት ሻማ መካከላችን አቁመን፣ በየአልጋው ጫፍ ተኮልኩለን ወግ ጀመርን። ወጉ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ አንደኛው ጓደኛችን «አንድ አስፈሪ ታሪክ አንብቤአለሁ፤ ልንገራችሁ?» አለ። «ንገረና!» አልነው።

የነገረን እንግሊዛዊው ደራሲ ጃኮብስ እ.ኤ.አ. በ1902 ያሳተመውን «የጦጣዋ መዳፍ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሽማግሌ ከሚስቱና ከአንድ ወንድ ልጁ ጋር ይኖራል። ከሕንድ አገር የተመለሰ ወታደር ሊጠይቃቸው ይመጣና አንዲት የደረቀች የጦጣ መዳፍ ያሳያቸዋል። መዳፏ የሰውን ሦስት ምኞት ትፈጽማለች ይባልላታል። ወታደሩ ግን መዘዟን ስለሚያውቅ አንስቶ እሳት ውስጥ ይጥላታል። ሽማግሌው ፈጥኖ ከእሳቱ ያወጣታል። ምን እንደሚመኝ ቢቸግረው ልጁ እየቀለደ «የቤታችንን ዕዳ መክፈያ 200 ፓውንድ ተመኝ» ይለዋል። ይመኛል። ያን ዕለት ምንም አይመጣም።

በማግሥቱ ልጁ ከሚሠራበት ፋብሪካ አንድ ሰው ይመጣል። ልጁ በመኪና ተይዞ ሞቷል። ኩባንያው ኃላፊነት የለብኝም ይላል፤ ሆኖም ልጁ ስለ ሰጠው አገልግሎት ለወላጆቹ ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል። ስንት? 200 ፓውንድ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ሳምንት ያህል እንዳለፈ፣ እናትየዋ በሌሊት ትነሣና «ልጃችን እንዲመለስ ተመኝ!» ብላ ባሏን ትይዘዋለች። ባልየው ሬሳውን አይቶታል፤ የለየው በልብሱ ብቻ ነበር። እምቢ ማለት ግን አልቻለም፤ ተመኘ። ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩ ተንኳኳ። እናት እየሮጠች ወረደች፤ የላይኛው መቀርቀሪያ አልደርስላት ቢል ወንበር ሳበች። አባት በጨለማው ወለል ላይ በእጁ እየዳበሰ መዳፏን ይፈልጋል። መቀርቀሪያው ሲከፈት እሱም መዳፏን አገኘና ሦስተኛውን ምኞት ተመኘ። ማንኳኳቱ ቀጥ አለ። በሩ ሲከፈት መንገዱ ባዶ ነው። ታሪኩ በዚህ ያበቃል።

ጓደኛችን ተርኮ ሲጨርስ አንዳንዶቻችን ሳቅን። «ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው? የሞተው ልጅ እንኳ አልታየ እኮ!» ያለም ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠን፣ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ባላገር ትቶ ለሥልጠና የመጣ አንድ ጓደኛችን ግን ዝም ብሎ ቆየና «እኔ ብሆን ኖሮ መዳፏን አልፈልግም። በሩን እከፍትለት ነበር» አለ። ጋቢውን ተከናንቦም ተኛ። ሳቁ ቆመ። ከዚያ በኋላ ወግ የቀጠለ ሰው አልነበረም።

በነጋታውና ከዚያም ወዲህ በዚሁ ነገር በሻይ ቤትም በክፍልም ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዱ ወገን «አስፈሪ ልብ ወለድ የልጅ ነገር ነው፤ አዋቂ ሰው፣ ያውም መምህር ሊሆን የተዘጋጀ ሰው፣ ጊዜውን ሊያጠፋበት አይገባም» ይላል። ሌላው «ደስ ካለህ አንብበው፤ ካልፈለግህ ተወው» ብሎ ያልፈዋል። እኛ በሁለቱም አልረካንም። አንድ ታሪክ አንዱን አስቆ ሌላውን ጋቢ የሚያስከናንብ ከሆነ ምክንያቱን መመርመር ይገባል ብለን ይህን አስተያየት ለመጻፍ ተነሣን።

በመጀመሪያ ደረጃ «ያስፈራል» እያልን የምንጠቅልለው ነገር አንድ አይደለም። ቋንቋችን ራሱ ለያይቶ አስቀምጦልናል፤ መደንገጥ አለ፣ መሰቀቅ አለ፣ መስጋትም አለ። ከኋላችን ሰው በድንገት ቢጮህ እንደነግጣለን፤ ዞር ብለን ጓደኛችን መሆኑን ስናይ ግን እንስቃለን። ክፉ ቁስል ስናይ እንሰቀቃለን፤ ፊታችንን ስናዞር ይቀለናል። ልጇ ከትምህርት ቤት የዘገየባት እናት ግን ደጅ ወጥታ መንገድ መንገዱን የምታየው ደንግጣ ወይም ተሰቅቃ አይደለም፤ ሰግታ ነው። ያየችው ነገር የለም። የሚያስጨንቃትም ይኸው አለማየቷ ነው።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ አን ራድክሊፍም ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1826 በታተመ ጽሑፏ ይህን የመሰለ ልዩነት አድርጋለች። በእርሷ አስተያየት ግልጽ ሳይሆን የሚመጣው ፍርሃት አእምሮን ያነቃል፤ ዓይን ፊት ተዘርግቶ የሚታየው ዘግናኝ ነገር ግን ያደርቃል። ዛሬ በየስልካችን የምናያቸው ብዙዎቹ አስፈሪ ፊልሞች የሚተማመኑት በድንጋጤና በደም ላይ ነው። ጩኸቱ ያስዘልለናል፤ ፊልሙ ሲያልቅ ግን አብሮ ያልቃል። ሥጋት ግን መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላም አብሮን አልጋ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ አዋቂን የሚያስፈራው ጽሑፍ ሥጋትን የሚያውቅ ጽሑፍ ነው እንላለን።

ለምን ቢባል፣ ሕፃንና አዋቂ የሚፈሩት ነገር ስለሚለያይ ነው። ሁላችንም በልጅነታችን ጭራቅ ፈርተናል፤ «አያ ጅቦ መጣልህ!» ሲባል እናታችን ቀሚስ ውስጥ ተሸሽገናል። ሕፃን የሚፈራው ጭራቁ ይኑር አይኑር ስለማያውቅ ነው። እናቱ ኩራዙን አብርታ «ይኸው፣ ምንም የለም» ካለችው ይበቃዋል። አዋቂ ግን ጭራቅ አለመኖሩን ያውቃል። የሚፈራው ነገር ሌላ ነው፤ በሽታ ነው፣ ዕዳ ነው፣ የልጁ ነገር ነው፣ አንድ ቀን የሠራው ሥራ ነው። ለእሱ ኩራዙ ቢበራለትም የሚፈራው አይጠፋም፤ እንዲያውም ይበልጥ ይታየዋል። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። ሕፃኑ እባቡን ገና አላየውም። አዋቂው አይቶታል፤ ስለዚህ ልጥ ይበቃዋል። ጎበዝ ደራሲ ለአዋቂ እባብ አያሳየውም፤ ልጡን መንገዱ ላይ ይጥልለታል እንጂ።

እስቲ አሁን ወደ ጃኮብስ ታሪክ እንመለስ። መዳፏ ራሷ ማንንም አታስፈራም፤ የደረቀ ሥጋ ናት። የሚያስፈራው 200 የሚለው ቁጥር ነው። ገንዘቡ ሲቆጠር ከተመኙት አንድ ፓውንድ አልጎደለም፤ አልተረፈምም። የሞተውም ልጅ ራሱ ያን ቁጥር የጠራው ልጅ ነው። የበለጠ ደግሞ መዳፏን ከእሳት ያወጣት አባት ነው። ማንም አላስገደደውም። ክፉ ሰውም አይደለም፤ የቤቱን ዕዳ ሊከፍል የፈለገ ደግ አባት ነው። አዋቂው አንባቢ በልቡ «እኔስ ብሆን አወጣት አልነበር?» ይላል። እዚያ ላይ ነው የተያዘው።

በሩስ? እናት ልትከፍት ትታገላለች፣ አባት እንዳይከፈት ይታገላል። ሁለቱም የሚታገሉት በፍቅር ነው። ደራሲው በዚያ በር በስተጀርባ የቆመውን ቢያሳየን ኖሮ እንሰቀቅና እንተወው ነበር። ስላላሳየን ግን እያንዳንዳችን የራሳችንን ሰው እዚያ እናቆማለን። ትንሽ ልጅ ያለው ጓደኛችን ልጁን አቆመ። እኛ ልጅ ያልወለድነው የምናቆመው አጣንና ሳቅን። ልዩነቱ ይኸው ነው። የሳቅነው ደፋሮች ስለሆንን አልነበረም፤ ገና የምናጣው ስላልበዛ ነው።

ስለዚህ የእኛ አቋም ይህ ነው፦ አዋቂን የሚያስፈራው ጭራቁ ሳይሆን፣ የሚያጣው ነገር መኖሩና በማጣቱም ውስጥ የራሱ እጅ ሊኖርበት መቻሉ ነው። ይህን በሌሎች ሥራዎችም መፈተን ይቻላል።

አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1843 ያሳተመው፣ ልቡ የሚያሳብቅበት ነፍሰ ገዳይ የሚናገርበት አጭር ታሪክ አለ። ተናጋሪው አብሮት የሚኖረውን ሽማግሌ ይገድላል። ሬሳውንም ቆራርጦ ከሳንቃው ወለል ሥር ይቀብራል። ሽማግሌውን እንደሚወደው፣ የጠላውም አንዲት ዓይኑን ብቻ እንደሆነ፣ እብድም እንዳልሆነ በርጋታ ሊያስረዳን ይሞክራል። ሦስት ፖሊሶች ሲመጡ በልበ ሙሉነት ወንበር አቅርቦ ያስቀምጣቸዋል፤ የራሱንም ወንበር በትክክል ሬሳው ባለበት ላይ ያደርገዋል። ከዚያ የልብ ትርታ መስማት ይጀምራል፤ ድምፁ እየጨመረ፣ እየጨመረ ይሄዳል። ፖሊሶቹ ግን ዝም ብለው ይጨዋወታሉ። በመጨረሻ ራሱ ጮሆ ሥራውን ያወጣል። ልብ በሉ፤ ያሳደደው የለም፣ የመረመረውም የለም። ይህን ታሪክ የአሥር ዓመት ልጅ ሲሰማው የሚፈራው ሬሳውን ነው። አዋቂ የሚፈራው ግን የመሸፈኑን ነገር ነው። ከመካከላችን ከወለል ሥር አንድ ነገር ያልቀበረ ማን አለ? ሬሳ አይሁን እንጂ የተካደ ወዳጅ፣ የተዋሸ ወላጅ፣ ሳይመለስ የቀረ አደራ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ የሸርሊ ጃክሰን «ሎተሪው» ነው። ይህ አጭር ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1948 ኒው ዮርከር በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ወጣ። አንድ ትንሽ መንደር ነው፤ ሦስት መቶ ያህል ሰው አለበት። ቀኑ ብሩህ ነው፤ ሕፃናት ድንጋይ ይለቅማሉ፣ ወንዶች ስለ አዝመራና ስለ ትራክተር ያወራሉ፣ ሴቶች ይቀላለዳሉ። ከአሮጌ ጥቁር ሣጥን ውስጥ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የወጣባትን ሴት መንደሩ በሙሉ በድንጋይ ይወግራታል። የገዛ ትንሽ ልጇ እጅ ላይ እንኳ ጠጠር ያስይዙታል። ለምን እንደሚያደርጉት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ልማድ ነው፣ አለቀ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ መንፈስ የለም፣ አስማት የለም፣ ጨለማም የለም። ሆኖም በዚያ በጋ ለደራሲዋ ከሦስት መቶ በላይ ደብዳቤ እንደ መጣላት ራሷ በኋላ ተናግራለች። ብዙው ግራ የተጋባ ወይም የሚሳደብ ነበር። ከሁሉ የሚገርመው ግን አንዳንዶቹ ጸሐፊዎች «ይህ ሎተሪ የሚካሄደው የት ነው? ሄደን ማየት እንችላለን?» ብለው መጠየቃቸው ነው። ከታሪኩ የበለጠ እኛን ያስፈራን ይህ ጥያቄ ነው። ታሪኩ በሕዝብ መካከል ቆሞ ድንጋይ የሚይዘው እጅ የማን ሊሆን እንደሚችል ይጠይቃል። ጭራቅ ቢሆን ከመንደሩ ውጭ ይኖራል፤ አጥር ይታጠርበታል። ጎረቤትን ግን በምን አጥር ይከልሉታል? ራስንስ?

ሦስተኛውን ምሳሌ ያመጣነው ደራሲውም ራሱ ስለ ፈራ ነው። እስጢፋን ኪንግ ዝነኛ ከመሆኑ በፊት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ስለዚህ የሙያ ወንድማችን ነው ብንል አያሳፍርም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከቤተሰቡ ጋር በሜይን ክፍለ ግዛት ከባድ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ይኖር ነበር። የሴት ልጁ ድመት እዚያ መንገድ ላይ ተገጭታ ሞተች። ትንሹ ወንድ ልጁም አንድ ቀን ወደዚያው መንገድ ሲሮጥ ለጥቂት ተረፈ። ከዚህ ተነሥቶ ልጁን በመኪና አደጋ ያጣና፣ የተቀበረው ሁሉ ተለውጦ ከሚመለስበት ቦታ ወስዶ የሚቀብር አንድ ሐኪም የሚገኝበትን ልብ ወለድ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ግን ከልክ ያለፈ ሆኖ ስላገኘው ለጊዜው አስቀመጠው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ብዙ አስፈሪ መጽሐፍ የጻፈ ሰው በዚህኛው ላይ እጁ የዛለው ለምንድን ነው? የሐኪሙ ጥፋት እንደ ጃኮብስ እናት ጥፋት ነው፤ ልጁን ወደደ፣ በሩንም ከፈተ። «የፈሩት ይደርሳል» የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ይህን ስንል ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። አንድ መምህራችን «እናንተ ልጆች፣ በአገሩ ላይ በበሽታ፣ በረሃብና በጦርነት እውነተኛ ሰቆቃ ያየ ሕዝብ ሞልቶ ሳለ የፈጠራ ፍርሃት ለምን ያስፈልጋል?» ብለውናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እውነትም ልጁን የቀበረ ሰው ፊት ስለ ጦጣ መዳፍ ማውራት ነውር ነው። ያን ምሽት ጓደኛችን ልጅ እንዳለው እያወቅን መሳቃችንም ጥሩ አልነበረም፤ በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቀዋለን።

ይሁን እንጂ ጥሩ አስፈሪ ታሪክ ፍርሃትን ከሌላ ቦታ አያመጣብንም። ያለንን ፍርሃት ጎትቶ ያወጣና ስም ይሰጠዋል። አዋቂ ሰው፣ በተለይም ወንድ፣ በማኅበራችን ውስጥ «እፈራለሁ» ማለት አይፈቀድለትም፤ «ወንድ ልጅ አይፈራም» ተብሎ ነው ያደገው። ጓደኛችን ስለ ልጁ ናፍቆትና ሥጋት ለወራት አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር። ያን ሌሊት በአንድ ታሪክ ምክንያት አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። መጽሐፍ ይህን ካደረገ ጊዜ አባከነ አይባልም። ደግሞም መጽሐፍ ይዘጋል። እውነተኛውን መከራ ግን «ይብቃኝ» ብሎ ማጠፍ አይቻልም። በሚዘጋው ላይ የተለማመደ ሰው የማይዘጋው ሲመጣ ሁሉን ይችላል አንልም፤ ቢያንስ ግን ፊቱን ያውቀዋል።

ከዚህ ወደ ሙያችን እንሂድ፤ ነገሩ ለእኛ ለእጩ መምህራን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነውና። አዋቂ የሚፈራው መርጦ ነው። መጽሐፉን ገዝቶ ወይም ተውሶ፣ በፈቃዱ ገልጦ፣ ሲበዛበት ይዘጋዋል። በክፍል ውስጥ ያለ ሕፃን ግን የሚዘጋው ነገር የለውም። በየትምህርት ቤቱ ልጆችን ጸጥ ለማሰኘት በጅብ፣ በጭራቅ፣ በጨለማ ክፍል፣ አለበለዚያም በአርጩሜ ማስፈራራት እንደ ማስተማሪያ ዘዴ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ ጠፋ ለማለት አንደፍርም። ይህ ፍርሃት ከመጽሐፉ ፍርሃት ጋር በስም ብቻ ይመሳሰላል። አንዱ ሰውን ወደ ራሱ ያሳየዋል፤ ሌላው ልጁን ከጥያቄው ያሸሸዋል። መምህሩን የፈራ ልጅ እጁን አያወጣም፤ እጁን ያላወጣ ልጅ ደግሞ ምን እንዳልገባው አይታወቅም። ፍርሃት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከጥሩ ደራሲ የተማረ መምህር በልጆች ላይ በዋዛ ሊጠቀምበት አይገባም።

ተረት አንንገራቸው ማለታችን ግን አይደለም። ተረት በጅብም በአንበሳም ያምራል። ግን ጅቡ በተረቱ መጨረሻ ይሸነፍ፤ ልጁም እየሳቀ ይነሣ። ጅቡን ከተረቱ አውጥተን በር ላይ አናቁምበት። በር ላይ የሚቆመውን ነገር በራሱ ጊዜ፣ አዋቂ ሲሆን፣ ያገኘዋል።

በመጨረሻም ለንባብ ክበባችን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ከእነዚህ አጫጭር ልብ ወለዶች አንዱ በአማርኛ ተተርኮ በአንድ የውይይት ምሽት ቢቀርብ ጥሩ ነው። ሲቀርብ ደግሞ «ፈራችሁ ወይ?» ተብሎ ባይጠየቅ እንመርጣለን። እንዲያ ሲባል ሁሉም «ኧረ እኔ!» እያለ ጉራውን ይነዛል። ይልቅስ «በሩን ትከፍቱ ነበር ወይስ መዳፏን ትፈልጉ ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ። እኛም ከዚያ ምሽት ጀምሮ ይህን ጥያቄ እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ ቆይተናል። ያን ማታ ከሳቁት አንዱ ትናንት «እናቴ ብትሆን እከፍትላት ነበር መሰለኝ» ብሎናል። ሌሎቻችን ገና መልስ አላገኘንም።

የተለየ አስተያየት ያለው ወገን ጽፎ ለዝግጅት ክፍሉ ቢያቀርብ በሚቀጥለው እትም እንዲወጣ እንተጋለን።